የነን ካፌ ብሬ በ19ኛው ቀን አለቀ፤ እናንተ እንዴት ነው የምታዳርሱት?

የሞጣ ልጅ | ኅዳር 19

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ባሕር ዳር። ዘንድሮ ከካፌ ወጥቼ ነን ካፌ ሆኛለሁ፤ ማለትም ግቢው ካፌ መብላቱን ትቼ የምግቡን ብር በእጄ እቀበላለሁ። የምኖረው ግን ዶርም ውስጥ ነው። በወር 3,000 ብር ይገባልኛል። ትናንት ማታ ሒሳቤን ሳየው የቀረኝ 40 ብር ነው። ወሩ ሊያልቅ ገና 11 ቀን አለ።

ቁጭ ብዬ የማስታውሰውን ሁሉ በደብተር ጻፍኩት። የመጀመሪያው ሳምንት 1,150 ብር። ሁለተኛው 940። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ቀናት 870። እንዴት እንደሄደ ለራሴም አልገባኝም። ልብስ አልገዛሁም፣ አልጠጣም፣ አላጨስም። ሁሉም የምግብ ነው።

አባቴ ገበሬ ነው። ባለፈው ወር «ጎደለብኝ» ስለው የዘር ጤፍ ከሚያስቀምጥበት ላይ ሸጦ ላከልኝ። ዘንድሮ ደግሜ አልጠይቀውም። ዶርም ውስጥ ምድጃ መሰካት ክልክል ስለሆነ ማብሰል አልችልም። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ። ምክር ሳይሆን የምትሠሩትን።

አምስተኛ ዓመት ፖሊ | ኅዳር 19

አይዞህ ወንድሜ። ይህ ያልደረሰበት ነን ካፌ የለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ ስንገባ የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት 22 ብር ነበር። በወር 660 ብር ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር ሲያድግ ሁላችንም ተገላገልን ብለን ነበር። ግን ያኔም በ20ኛው ቀን የሚያልቅበት ልጅ ነበር፣ አሁንም አለ። በ660ም ወሩን ያደርስ የነበረ ልጅ አውቃለሁ፤ ከቤት ስንቅ እየመጣለት ነበር ታዲያ። ስለዚህ ብሩ ያንሳል፣ እውነት ነው። ግን የማነሱ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ብሩ በገባ ቀን 2,000ውን ባንክ እተወዋለሁ። ከቀረው ውስጥ 300 ብር ለደረቅ ነገር አወጣለሁ፦ በሶ፣ ስኳር፣ ቆሎ፣ ለውዝ። 700ውን ወደ ቴሌብር አዛውረዋለሁ። ይቺ የሳምንት ናት። እሑድ ማታ ሌላ 600 አስገባለሁ። የባንክ ካርዱን ይዤ ላውንጅ (ግቢ ውስጥ ከፍለን የምንበላበት ቤት) አልሄድም። ሐሙስ ላይ ቴሌብሬ ባዶ ከሆነ እስከ እሑድ በሶዬን እበላለሁ እንጂ ባንኩን አልነካም። መጀመሪያ ከበደኝ። ከሁለት ወር በኋላ ለመድኩት።

በወር አታስብ። ወር ረጅም ነው፣ 3,000 ብርም ብዙ ይመስላል። በቀን አስበው። ዛሬ ያለኝ 100 ብር ነው በል። ቁርስ 20፣ ምሳ 45፣ እራት 35። ምሳ ላይ 90 ብር ካወጣህ እራትህን በልተሃል ማለት ነው።

ካፌ ተመጋቢ | ኅዳር 19

እኔ ግን ለምን ወጣህ ነው የምለው። ካፌ ወጡ ቀጭን ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሦስቴ ትበላለህ። ብር ዘገየ አልዘገየ ያንተ ጭንቀት አይደለም። እኔ ከካፌ በልቼ ማታ ከላይብረሪ ስወጣ የምቀምሰውን ብቻ ነው የምገዛው። በሳምንት 100 ብር አይሞላም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ላይ አስብበት።

የአገው ምድር ልጅ | ኅዳር 20

እኔ እህታችሁ ነኝ፣ ከእንጅባራ አካባቢ። ካፌው ለማይስማማው ሰው መመለስ መፍትሔ አይደለም። እኔ ጨጓራዬ ስለታመመ ነው የወጣሁት።

እኛ አራት ሴቶች አንድ ላይ ነን። ሁለቱ ዶርም ናቸው። ሁለታችን ደግሞ ግቢ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። የምናበስለው እዚያ ነው። ብሩ እንደገባ እያንዳንዳችን 1,800 ብር እናዋጣለን፤ በጠቅላላ 7,200። የክፍሉ ኪራይ የዚህ ሒሳብ አይደለም፣ እኛ ተከራዮቹ ነን የምንከፍለው። በ7,200ው እንጀራ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ክክ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ከሰል ይገዛል። ሽሮና በርበሬ ከቤት ይመጣል። የቀረው 1,200 የየግላችን ነው። ለሻይም ለዳቦም ለካርድም።

እንጀራ ከሱቅ በነጠላ አንገዛም። ጋግራ የምትሸጥ እናት ይዘናል። በሳምንት ሁለት ጊዜ በቁጥር ትሰጠናለች። በነጠላ ከመግዛት ይቀንሳል፣ እንጀራውም ሰፋ ያለ ነው። አንዳንዴ የደረቀውን ፍርፍር እናደርገዋለን። ምንም አይጣልም።

አትክልቱን ቅዳሜ ገበያ ወርደን ነው የምንገዛው። ወደ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሊበተን ሲል ዋጋው ይለሰልሳል። ድንች በአጨዳ ሰሞን በብዛት ስለሚገባ በዛ አድርገን እንይዛለን። የኛ አገር ድንች እኮ ነው፣ የት እንደሚበቅል አውቃለሁ። ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፤ ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ ያ አይበላም።

አሁን ደግሞ ጾመ ነቢያት ገብቷል። እስከ ገና ድረስ ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ለሚጾም ሰው ከዚህ የተሻለ የቁጠባ ጊዜ የለም። ወንዶችም እንዲህ ማድረግ ትችላላችሁ። ወጥ መሥራት የሴት ብቻ አይደለም።

እናት ነኝ ከፍኖተ ሰላም | ኅዳር 20

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። ልጄ ደብረ ማርቆስ ትማራለች። እሷ ናት ይህን ያሳየችኝ። ያንተን ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ የኔ ልጅ።

ለአባትህ እውነቱን ንገረው። ብር አይደለም የምትጠይቀው፣ ስንቅ ነው። ብር ለገበሬ ይከብደዋል። ገብስ ግን ጎተራው ውስጥ አለ። እናትህ በሶ ታዘጋጅልህ። ገብሱ ታምሶ፣ ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ። አምስት ኪሎ ከያዝክ ለአንድ ሰው ከወር በላይ ይሄዳል፣ ብቻህን ከበላኸው ነው ታዲያ። ጠዋት በውኃ በጥብጠህ በጨው ወይም በስኳር ትጠጣለህ። ማር ካለ ደግሞ ጨብጠህ ብላው። እስከ ምሳ ያደርስሃል።

ዳቦ ቆሎም ታድርግልህ። ለጾምም ይሆናል። ድርቆሽ ደግሞ የእንጀራ ነገር ነው። በደንብ በፀሐይ ከደረቀ ሳይበላሽ ይቆያል። ትንሽ ውኃና አዋዜ ካገኘ ያለ እሳት ይበላል።

አንድ ጥንቃቄ ልንገራችሁ። በሶም ሽሮም ትኩስ እያለ ዕቃ ውስጥ አይከደንም። ያልበዋል፣ ይሻግታል። በደንብ ቀዝቅዞ ነው የሚከደነው። ክዳኑ ጥብቅ ይሁን። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። ልጄ የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ጣሳ ሽሮ በእርጥብ ማንኪያ አበላሽታ አልቅሳለች።

መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ስንቅ ሳይደርስላት ቀርቶ ያየችውን እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህ እኔ አሁን ለሁለት ወር የሚሆነውን አንድ ላይ ነው የምሰዳት። መንገድ ደኅና ሲሆን አስቀድሙ።

የሞጣ ልጅ | ኅዳር 20

እናቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ወላጅ እናቴ ጋ ደውያለሁ። «በሶ ብቻ ነው? ይህን እኮ ድሮ ብትለኝ» አለችኝ። በሚመጣው ሰው ትልክልኛለች።

የአምስተኛ ዓመቱ ወንድሜ የጻፈውን አይቼ ደብተሬን እንደገና ገለጥኩት። አንድ ነገር አየሁ። የመጀመሪያው ሳምንት 1,150 ውስጥ 480ው እኔ የበላሁት አይደለም። ብር የገባ ቀን ከዶርም ልጆች ጋር ወጥተን ጥብስ በላን። ባለፈው ወር ሌላው ልጅ ከፍሎ ስለነበር እኔ ከፈልኩ። ሁለተኛው ሳምንትም ሁለት ቀን እንዲሁ ነው። ላውንጅ ተቀምጬ ጓደኛ ሲመጣ «ና ብላ» ሳልል መብላት አልችልም። አሳዳጊዎቼ እንዲህ አላስተማሩኝም። ይህን እንዴት አደርጋለሁ? ብቻዬን ተደብቄ ልብላ?

ግቢ በር ባለ ሱቅ | ኅዳር 21

እኔ ተማሪ አይደለሁም። ግቢ በር ላይ ሱቅ አለኝ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ስለ ዱቤ ማንም ስላላነሳ ልናገር።

ብር ሲያልቅ ወደኛ ትመጣላችሁ። እሰጣለሁ። ልጅ ተርቦ አይመለስም። ግን ዱቤ የያዘ ልጅ ያለ ሒሳብ እንደሚገዛ በዓይኔ አይቻለሁ። በእጁ ብር ሲኖር አንድ ዳቦ የሚገዛው ልጅ በዱቤ ሁለት ዳቦና ለስላሳ ይወስዳል። ወሩ ሲገባ 800 ብር ከፍሎኝ ይሄዳል። በ10ኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። አዲሱን ወር የሚጀምረው አሮጌውን በልቶ ነው።

ዱቤ ከያዛችሁ ለራሳችሁም ጻፉ። የኔን ደብተር ብቻ አትመኑ፣ እኔም እሳሳታለሁ። ከ200 ብር በላይ አትስጠኝ ብሎ አስቀድሞ የነገረኝ ልጅ አለ። 200 ሲሞላ «ጋሼ፣ በቃኝ» ይለኛል፣ እኔም አልሰጠውም። እስከ ዛሬ ተከባብረን አለን።

ጤና ሳይንስ 3ኛ | ኅዳር 21

በምግቡ በኩል ጥቂት ልጨምር። በበሶ ብቻ ሳምንት ያሳለፈ ልጅ ሆዱ ይሞላል እንጂ ሰውነቱ አይበቃውም። ከእህሉ ጋር ጥራጥሬ ይኑር። ገብስ ወይ ጤፍ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከባቄላ ጋር ሲበላ ፕሮቲኑ ይሟላል። በበሶው ላይ አንድ እፍኝ ለውዝ ወይም የባቄላ ቆሎ ብትይዝ ብዙ ለውጥ አለው። ዋጋውም አይጎዳም።

ሁለተኛ ሻይ። ምግብ እንደበላችሁ ወዲያው ሻይ አትጠጡ። ከጥራጥሬና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ። ሎሚ ግን ይረዳል። በተለይ ሴቶች ይህን ልብ በሉ። የደም ማነስ ፈተና ሰሞን ነው የሚጥላችሁ።

ግብጦ ርካሽ ነው፣ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ግን መራራነቱ እስኪለቅ ውኃው እየተቀየረ ለቀናት መነከር አለበት። ያልለቀቀውን እንዳትበሉ፣ ይጎዳል። ከምታምኑት ሰው ግዙ።

ቁርስ ዘሎ ሁለት ሰዓት ክፍል የሚገባ ሰው ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ሳምቡሳና ለስላሳ ይገዛል። ያ ከቁርሱ ዋጋ ይበልጣል።

ደጀን መምህር | ኅዳር 22

ተመርቄ አሁን ደጀን አካባቢ አስተምራለሁ። የሞጣው ወንድሜ የጠየቀው ጥያቄ ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ አደረ። «ተደብቄ ልብላ?» አልክ። አይደለም።

የኛ ዶርም ስድስት ልጆች ነበርን። አንደኛው ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ ጸጥ ያለ፣ ጎበዝ ልጅ ነበር። እሱም ነን ካፌ ነበር። ግማሹን ብር ለታናሽ እህቱ ትምህርት ቤት ይልክ ነበር። እኛ አናውቅም። ስንቅ ስንፈታ «ና ብላ» እንለዋለን። «በልቻለሁ፣ ብሉ» ይላል። ሁለቴ እንለምነዋለን። እንደገና «ጠግቤያለሁ» ይላል። እናም እንበላለን። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወደቀ። ክሊኒክ ወስደን ነው ከሁለት ቀን በላይ እህል እንዳልቀመሰ ያወቅነው። ስድስት ሰው በምንተኛባት ክፍል ውስጥ!

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያለው በይሉኝታ ያወጣል። የሌለው በይሉኝታ ይራባል። ሁለቱም አይናገሩም። ብር የገባ ቀን ጥብስ የከፈልከው አንተም፣ «ጠግቤያለሁ» ያለው ያ ልጅም የታመማችሁት አንድ ዓይነት በሽታ ነው።

ከዚያ በኋላ ስድስታችን ተቀመጥን። መጀመሪያ የተስማማነው ግብዣ እንዲቀር ነው። ብር የገባ ቀን ማንም ማንንም አይጋብዝም። በሱ ፈንታ በወር አንድ ቀን፣ ሁላችንም 50 50 ብር አዋጥተን አብረን እንበላለን። ቀጥሎ የስንቅ ሣጥን አደረግን። ከቤት የመጣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ግማሹ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ቁልፍ የለውም። የፈለገ ሳይጠይቅ ይበላል። «ና ብላ» የሚል የለም፣ «በልቻለሁ» የሚልም የለም። ያ ልጅ ከሣጥኑ መብላት የጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማታ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ። ሁላችንም ድምፁን እንሰማለን። ማንም ምንም አላለም። በወሩ መጨረሻ በቀን ይበላ ጀመር።

አሁን ሐኪም ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

አንድ ሌላ ነገር ላስታውሳችሁ። ይህ የምግብ ብር ስጦታ አይደለም። የወጪ መጋራት ውል ፈርመናል። ውሉ በ1996 ዓ.ም ከተጀመረ ጀምሮ የምግብና የመኝታው ወጪ በተማሪው ስም ይያዛል፣ ሥራ ስንይዝ ከደመወዛችን እንከፍለዋለን። እኔ ደግሞ መምህር ስለሆንኩ በአገልግሎት ነው የምከፍለው። ብቻ የራሳችሁን ነገ እየበላችሁ ስለሆነ በአግባቡ ብሉት ለማለት ነው።

ብቸና | ኅዳር 22

መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ሁሉ ነገር በመዋጮና በስምምነት ከሆነ ጓደኝነት ምኑ ላይ ነው? የጎጃም ሰው እንግዳ ሲመጣበት ያለውን ያቀርባል እንጂ ሒሳብ አያወራም። ቤታችን ያየነው ይህን ነው።

ደጀን መምህር | ኅዳር 22

ብቸና ወንድሜ፣ ልክ ነህ፣ ቤታችን ያየነው ይህን ነው። ግን ቤታችን ስታቀርብ እናትህ ጎተራው ውስጥ ስንት ቁና እንደቀረ ታውቃለች። ሐምሌና ነሐሴን አስባ ነው የምትሰፍረው። ለእንግዳ የሚሆነውን ለይታ ታስቀምጣለች። እኛ ልግስናውን ይዘን መጣን፣ ስፍሩን ግን ቤት ትተን መጣን። እኔ የምለው ሁለቱንም ይዘን እንምጣ ነው።

የአገው ምድር ልጅ | ኅዳር 22

ይህን ለጓደኞቼ ሁሉ አስነብቤያለሁ። እኛ ክፍል ውስጥም «ጠግቤያለሁ» የምትል አንዲት ልጅ አለች። ነገ አናግራታለሁ።

ኮንትራት የበላ | ኅዳር 24

አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። አንዳንድ ትንንሽ ምግብ ቤቶች በኮንትራት ያበላሉ። የወሩን ከፍለህ በቀን ሁለቴ ትበላለህ፣ በነጠላ ከምትከፍለው ይቀንሳል። ለማያበስል ልጅ ጥሩ ነው። ግን የወሩን ሙሉ አስቀድመህ አትክፈል። እኔ ከፍዬ በ12ኛው ቀን ቤቱ ተዘጋብኝ፣ ባለቤቱንም አላገኘሁትም። በየሳምንቱ ለመክፈል ተስማማ። እምቢ ካለ ሌላ ፈልግ። ካርድ ካለው ደግሞ የበላህበትን ቀን ፊትህ ምልክት ያድርግበት።

የሞጣ ልጅ | ታኅሣሥ 27

እንዴት ከረማችሁ። ወሩ ሊያልቅ ስለሆነ የሆነውን ልንገራችሁ።

ያንን 11 ቀን ከባለ ሱቁ ጋሼ ሐሳብ ወስጄ 200 ብር በዱቤ ይዤ ነው ያለፍኩት። የናቴ በሶ በአራተኛው ቀን ደረሰልኝ። አምስት ኪሎ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የባቄላ ቆሎ፣ ሳልጠይቃት ደግሞ አዋዜ።

የታኅሣሥ ብር በአምስት ቀን ዘግይቶ ገባ። በሶው ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም። እንደገባ መጀመሪያ ዱቤዬን ከፈልኩ። የቀረውን እንደ አምስተኛ ዓመቱ ወንድሜ ከፋፈልኩት። አንድ ሳምንት አልሆነልኝም፣ ሐሙስ ላይ ባንኩን ነካሁት፣ 150 ብር። ሌሎቹ ሳምንታት ሆነልኝ። ዛሬ በእጄ 310 ብር አለ።

የዶርም ልጆችን ማናገር ነው የከበደኝ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻ የመምህሩን ጽሑፍ ራሱን አነበብኩላቸው። ሲያልቅ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ባለፈው ወር ጥብስ የከፈለው ልጅ «እኔ እኮ ያን ጊዜ ተበድሬ ነው የከፈልኩት» አለ። ከአራቱ ሦስታችን እንዲሁ ነበርን። አንደኛው ሌላኛውን ላለማሳፈር ሲበደር ነው የከረምነው።

አሁን ሣጥን አለን። የሻይ ቅጠል ካርቶን ነው ለጊዜው። አንዱ ከቡሬ ለውዝ አምጥቷል፣ ሌላው ቆሎ። የኔ በሶ ግማሹ እዚያ ነው።

ከነገ ወዲያ ገና ነው። አንዳንዶቻችን ቤት አንሄድም። ስምንት ልጆች ከሁለት ዶርም 120 120 ብር አዋጥተን አንድ ላይ ልንፈስክ ነው። ከተከራዩት ጓደኞቻችን ጋ እናበስላለን። ሽንኩርት ማን እንደሚልጥ ሳይቀር ተጽፏል። እናቴ ከፍኖተ ሰላም፣ ዶሮ ስንት ሰዓት ቀድሞ መጀመር እንዳለበት ቢነግሩን ደስ ይለናል፤ ከመካከላችን ሠርቶ የሚያውቅ የለም።

እናት ነኝ ከፍኖተ ሰላም | ታኅሣሥ 27

የኔ ልጅ ተመስገን። ዶሮው ማታውኑ ታርዶ በየብልቱ ተለይቶ ይደር። ሎሚና ጨው ባለበት ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ። ሽንኩርቱን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጣዱት። ያለ ዘይት ይቁላላ መጀመሪያ፣ እያማሰላችሁ። ቀይ እስኪሆን አትቸኩሉ። ለስምንት ሰው አንድ ዶሮ ከሆነ ሽንኩርቱን ሦስት ኪሎ አድርጉት፣ እንቁላሉ ደግሞ በሰው ልክ ስምንት ይሁን። ብልቱ ካልተዳረሰ እንቁላሉ ያዳርሳል።